ከአየር ማዳበሪያ የሚያወርዱ ዛፎች

በአዲስ አበባው አቃቂ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በፋብሪካ አጥርና በኮንዶሚኒየም ሕንፃ መካከል ተርፎ የቀረው የእርሻ መሬት ጥቁር ነው። በክረምት ጫማ ከእግር የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቅና በአንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ክንድ ይገባል። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ ይለዋል። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ምስሩና ጓያው ከዚሁ አፈር ይወጣል። ጥቁረቱን ያየ እንግዳ «የሰባ መሬት ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ግን አልሰባም። ዋልካ ውሃ መያዝ ይችልበታል፤ ካልሲየምና ፖታሲየምም አያጣም። ናይትሮጅንና ብስባሽ ላይ ሲደርስ ግን ድኻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ ሲሆን፣ ከሚታረሰው ብዙው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር እርሻ ያለፈበት ነው። እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ወደ ከብት፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ሲሄድ ወደ ማሳው የሚመለሰው እምብዛም ነው። በተለይ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይበናል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ሌላ ሌላው ማዕድን ነው።

የሚገርመው ከዚሁ ድኻ አፈር ጥግ የሚፈሰው ውሃ ነው። ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች መሃል ከተማውን አቋርጠው የሚወርዱት የመኖሪያ ቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ተሸክመው ነው። የቃሊቲው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ቢስፋፋም፣ የከተማው ቆሻሻ ሁሉ ቧንቧ ውስጥ አይገባም። ወንዞቹ የሚሰበሰቡበት አባ ሳሙኤል፣ የአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ የነበረው ግድብ፣ በእምቦጭ የተወረረው እንዲህ ያለ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የጠገበ ውሃ ስለሚገባበት ነው። በአንድ አካባቢ ወንዙ በናይትሮጅን ሲታፈን ማሳው ናይትሮጅን ይራባል።

ከወንዙም ከማሳውም በላይ ደግሞ አየሩ አለ። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። በአቃቂ ከፍታ ሲሰላ፣ ከእያንዳንዱ ሄክታር መሬት በላይ የተንሰራፋው ናይትሮጅን ወደ 60,000 ቶን ይጠጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ቁጥር ያበሳጫል፤ ጤፉ ከዚያ ሁሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ መውሰድ አይችልምና። አየር ላይ ያሉት ሁለት የናይትሮጅን አተሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ተቆላልፈዋል፤ ያንን ቁልፍ የሚፈታ ተክል የለም።

ሰው ለመፍታት የቻለው በብዙ እሳትና በብዙ ግፊት ነው። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሐበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሸጋግሮት በ1913 ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ሂደቱ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀትና ከተለመደው አየር ከመቶ እጥፍ በላይ ግፊት ይጠይቃል። የዩሪያ ዋጋ ከጋዝ ዋጋ ጋር አብሮ የሚወጣውና የሚወርደውም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ በኩል ስታስገባ ኖራለች። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ለማምረት የታቀደ ነው፤ ሲሳካ ትልቅ ነገር ይሆናል፤ እስከዚያ ግን የአቃቂ ገበሬ የመርከቡን መምጣት ይጠብቃል።

ያለ እሳትና ያለ ግፊት ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ፍጥረታት ግን በእርሱው ማሳ ውስጥ አሉ። ሪዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሽምብራን፣ የባቄላን፣ የምስርን ሥር ጠግተው ይገባሉ። ተክሉ ትናንሽ እባጮች አብጅቶ ያስጠልላቸዋል፤ ስኳር ይመግባቸዋል። እነርሱ በምላሹ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት አሞኒያ ይለውጡለታል። ይህንን ጀርመናውያኑ ሔልሪገልና ቪልፋርት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አረጋገጡ፤ ሆላንዳዊው ቤይሪንክ በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገው። የሸዋ ገበሬ ግን ማንም ሳይነግረው ሽምብራ ወይም ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በተከታዩ ዓመት ጤፍና ስንዴ እንደሚሻለው ያውቅ ነበር፤ ማፈራረቁንም የሚያውቀው ከአባቱ ነው።

ለመመርመር ለሚፈልግ መሣሪያው ጥፍር ነው። ሲያብብ አንድ የሽምብራ እግር ከነሥሩ ቀስ ብሎ መንቀልና እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ይበቃል። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ቅላቱ የሰው ደም ከሚያቀላው ንጥረ ነገር ጋር ዝምድና ያለው ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ እየቀለበ ያለው ሥራ ፈት እንግዳ ነው። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የመሳሰሉ የአገር ውስጥ አምራቾች ጎበዝ የሆኑትን ባክቴሪያዎች እየለዩ፣ በዘር ላይ ተለውሶ የሚዘራ ሕያው ማዳበሪያ በከረጢት ያቀርባሉ።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጥራጥሬ ነው። ይኸው ውል ግን በዛፎችም ዘንድ አለ፤ ደግሞም ለረጅም ዓመታት የሚጸና ነው። ግራር፣ ግርባ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ኮርች ሁሉም የባቄላ ዘመዶች ናቸው፤ ሥራቸውም ባክቴሪያ ያስጠልላል። ከውጭ ከመጡት ሉኪንያ፣ ትሪ ሉሰርንና ዲከረንስ እንደዚሁ ናቸው። ሸውሸዌ የባቄላ ዘመድ ባይሆንም ፍራንኪያ ከሚባል ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጋር ተመሳሳይ ውል አለው። ዝምድና ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ሮቃ የዚሁ ቤተሰብ አባል ሆኖ ሳለ እባጭ አያወጣም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ፣ ግራቪሊያና ጃካራንዳ ሌላ ብዙ ጥቅም አላቸው፤ ከአየር ናይትሮጅን ማውረድ ግን አይችሉም። ባሕር ዛፍም አይችልም።

ባሕር ዛፍን ሳያነሱ ስለ አዲስ አበባ ዛፍ ማውራት አይቻልም። በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ ማገዶ አጥታ ለመነቀል ስታስብ የነበረችውን ዋና ከተማ ባለችበት አጸናት። ያ ውለታው ሊዘነጋ አይገባም፤ ዛሬ የሚሰደበውን ያህልም ጥፋተኛ አይደለም። የሚያድገው ግን አፈሩ ውስጥ ያገኘውን ይዞ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ግንዱ ተቆርጦ ሲሄድ ከእርሱ ጋር የሄደውን ናይትሮጅን የሚተካ የለም። ቅጠሉም ናይትሮጅን ስለሚያንሰው ቶሎ አይበሰብስም።

የእንጦጦው ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋ ድኻ ሴቶች ከዚያ ተራራ በጀርባቸው ያወረዱት ጭራሮውን ብቻ አልነበረም፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ለእንጀራ ማገዶ አውርደዋል። በእነዚያ እናቶች የሚፈርድ ሰው ጀርባቸውን አላየም። ለአፈሩ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ ዛፍ ለመሬት የሚከፍለው በአመዛኙ በቅጠሉ ነውና፣ ያ ክፍያ በየቀኑ ተወሰደ። ናይትሮጅን የሚያወርድ ዛፍ ተተክሎ ቅጠሉ ቢጠረግ ኖሮም ከዚህ ብዙ የተለየ ነገር ባልታየ።

ይህ ነጥብ በችግኝ ዘመቻዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግራር ስለ ቆመ ብቻ አጠገቡ ያለው አፈር አይሰባም። ከአየር የወረደው ናይትሮጅን በመጀመሪያ የዛፉ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ፣ እንጨቱ ውስጥ፣ ፍሬው ውስጥ ይቀመጣል። ለጎረቤቱ የሚደርሰው ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ፣ ቀጫጭን ሥሮቹ ሲሞቱ፣ ወይም ፍሬውን የበላ ከብት እዚያው ሲጥል ነው።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ ከአቃቂ ሩቅ አይደለም። ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ ሲወርዱ በጤፍ ማሳ መሃል ተበታትነው የቆሙ ግራሮች ይታያሉ። ማንም በዘመቻ አልተከላቸውም፤ ገበሬዎች ሲያርሱ እየዘለሏቸው፣ ሲያስፈልግ ቅርንጫፋቸውን እየመለመሉ ያቆዩዋቸው ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ተመራማሪን የሚማርከው ግርባ ነው፤ በኦሮምኛ ጋርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና ይባላል። ጠባዩ ከሌላው ዛፍ የተገላቢጦሽ ነው፦ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ሰብሉ ፀሐይና ውሃ በሚፈልግበት ወቅት አይሻማውም፤ መኖ በሚጠፋበት ወቅት ለከብቱ ቅጠልና ፍሬ ይሰጣል።

ያኔ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ጥቁር አፈር ላይ ከግርባ ጥላ ሥር ያለው አፈር ከጥላው ውጭ ካለው ይልቅ በብስባሽም በናይትሮጅንም የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986 የታተመው የሐረርጌ ደጋ ጥናት ደግሞ ከግርባ ሥር የበቀለው ሰብል ከሜዳው በአማካይ 56 ከመቶ ብልጫ ያለው ምርት እንደ ሰጠ አስልቷል። በ2004 ዓ.ም. ደርባን ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ 100 ሚሊዮን የግርባ ዛፍ የመትከል ዕቅድ ይፋ ያደረጉትም ይህን መሰሉ ማስረጃ ተከማችቶ ስለነበር ነው።

ምስጋናው ሁሉ የባክቴሪያው ነው ማለት ግን አይቻልም። የግርባ ሥር ጥልቅ ነው፤ ሰብል የማይደርስበትን ማዕድን ከታች ይስባል። ጥላው ሥር ከብት ያርፋል፣ ቅርንጫፉ ላይ ወፍ ያድራል፤ ሁሉም የየራሱን ይጥላል። ከእነዚህ የትኛው ስንት እንዳዋጣ መነጣጠል ለሳይንቲስቶቹም ቀላል አልሆነም። ለገበሬው ግን አፈሩ መሻሻሉ ይበቃዋል።

በሰው እጅ ተተክሎ የለማ ደን ለማየት ደግሞ ወደ አዊ ብሔረሰብ ዞን፣ ወደ ፋግታ ለኮማ ወረዳ መሄድ ይሻላል። የዚያ አገር አፈር ቀይና የኮመጠጠ ነው፤ ምርት እያነሰ ሄዶ ገበሬውን አስመርሮት ነበር። ያዳነው ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ ነው። ገበሬው ጤፍ በሚዘራበት ዓመት በጤፉ መሃል ችግኙን ይተክላል። ጤፉን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ከሰል ያከስላል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍ ይዘራል። ግንዱ ከሰል ሆኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል፤ ቅጠሉ፣ ሥሩ፣ አመዱና የከሰሉ ርጋፊ ማሳው ላይ ይቀራል። አመዱ ኮምጣጣነቱን ያለዝባል፣ ብስባሹ ናይትሮጅን ይጨምራል። በሳተላይት ምስል የተደገፉ ጥናቶች ወረዳው ዛፍ እየለበሰ መሄዱን አሳይተዋል። አገሪቱ ዛፍ አጣሁ ስትል ገበሬዎች በራሳቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ችግኝ፣ ለራሳቸው ገበያ ደን ሠሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። በቅርብ ዓመታት ዋግ ዲከረንሱን ወረረው። የስንዴ ዋግን የሚያውቅ ገበሬ ጠባዩን አያጣውም፤ ይህኛው ዲከረንስን የመሳሰሉ የዋትል ዛፎችን የሚያጠቃ ፈንገስ ነው፤ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካም ታይቷል። ወረዳውን በብዛት የሸፈነው አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበር በሽታው የሚያቆመው አጥር አላገኘም። ናይትሮጅን ማውረድ ዛፍን ከበሽታ አያድንም።

ሌላም መዘዝ አለ። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ ከአየር ናይትሮጅን የሚያወርድ ዛፍ ነው። በረሃን ያለማል ተብሎ ገብቶ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ነጠቀው። በድኻ አፈር ላይ ራሱን መመገብ የሚችል ዛፍ ሌሎች በማይደፍሩት ቦታ ይስፋፋል፤ ያው ችሎታው በረከትም መቅሰፍትም ይሆናል። ስለዚህ ለአቃቂ ሲመረጥ ከአገር በቀሎቹ መጀመር ይሻላል።

አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ለሚያመጣው ችግር ዓለም ላይ የተሞከረው መፍትሔ ማደባለቅ ነው። ሃዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሕር ዛፍ ከሰሳ ጋር ዝምድና ካለው አልቢዚያ ጋር ተቀላቅሎ ሲተከል፣ ድብልቁ የሰጠው እንጨት ባሕር ዛፍ ብቻ ከተተከለበት በልጧል። ኮንጎ ውስጥ በፖይንት ኖይር አቅራቢያ ባለው አሸዋማ መሬት ላይም ባሕር ዛፍና ግራር ግማሽ በግማሽ መተከላቸው ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። ብራዚል ውስጥ ግን በአንዳንዱ ቦታ ድብልቁ አልበለጠም፤ አፈሩ ናይትሮጅን ካልጠፋው ወይም ውሃው ካነሰ ሁለቱ ዛፎች ይሻማሉ እንጂ አይረዳዱም። የሚጠቅመው የጎደለውን ሲሞላ ነው።

አቃቂ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። የመጀመሪያው ውሃ ነው። በክረምት ዋልካ ሲጠግብ አየር አጥቶ ሥር ይታፈናል፤ ባክቴሪያውም አብሮ ይታፈናል። ትሪ ሉሰርን እንጦጦን በመሰለ ውሃ በማይተኛበት ደጋ ደስ ይለዋል፤ ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ግን ይሞታል። ሉኪንያም ውሃ የሚተኛበትን መሬትና ብርድን አይወድም። ሌላው ናይትሮጅን አውራጅ ሰስባንያ ግን እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ ዕድሜው አጭር ቢሆንም ለወንዝ ዳርና ለቦረቦር ይመቻል። ምሥራቅ ዛምቢያ ውስጥ ገበሬዎች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በሰስባንያ ያሳረፉት ማሳ፣ ያለ ማዳበሪያ ከሚዘራው ማሳ እጥፍ ድርብ በቆሎ ሰጥቷል። ከፍ ባለውና በሚንጣፈፈው ቦታ ላይ ባዝራ ግራር አለ፤ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው የደጋው ግራር ነው፤ ከዚህ አየር ጋር የኖረ ነው።

ሁለተኛው በጋው ነው። አፈሩ ሲሰነጠቅ የችግኙን ቀጫጭን ሥር ይበጥሳል። ሐምሌ ላይ የተተከለ ሁሉ መጋቢት ላይ የሚገኘው የሚንከባከበው ካለ፣ ሥሩ በሣርና በገለባ ከተሸፈነ ብቻ ነው። ሦስተኛው ፎስፈረስ ነው፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለማውረድ ብዙ ፎስፈረስ ይፈጃል። ፎስፈረስ ደግሞ ከአየር የሚወርድ አይደለም፤ ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም ከረጢት ማዳበሪያ ይፈልጋል።

አራተኛው ከወንዙ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዝ አገር ዎበርን በተባለው የሙከራ ማሳ ላይ ለዓመታት የከተማ ዝቃጭ ተጨምሮበት በነበረ መሬት፣ እኛ ማገጥ የምንለው ክሎቨር ናይትሮጅን ማውረድ ተስኖት ተገኘ። ዝቃጩ ይዞት የመጣው ከባድ ብረታ ብረት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች አጥፍቷቸው ነበር። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀበሉ ወንዞች ዳር ለሚያርስና ለሚተክል ሕዝብ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ናይትሮጅን ሲበዛም ደግ አይደለም። አቃቂ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳባቸው ዋና ዋና የጉድጓድ ሜዳዎች አንዱ ነው። ተክል ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን ናይትሬት ሆኖ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከፍሳሽም ከዩሪያም ጋር ሲነጻጸር የጥቂት ግራሮች ድርሻ ትንሽ ነው። ደግሞም የወንዝ ዳር ዛፍ ወደ ውሃው የሚወርደውን ናይትሮጅን መንገድ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ከጅረቱ ጠርዝ ናይትሮጅን በላተኞቹን፣ ከላይ በተራቆተው መሬት ላይ ናይትሮጅን አውራጆቹን መትከል ለአቃቂ ከሁሉ የሚስማማ ይመስላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተገለጸ ወዲህ፣ የአረንጓዴ አሻራ ዜና በየክረምቱ ከነቁጥሩ ይሰማል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለማልማት የታቀደው የሸገር ፕሮጀክትም ችግኝ ይፈልጋል። ቁጥሩ ባልከፋ፤ ነገር ግን ስንት ግራር፣ ስንት ብርብራ፣ ስንት ግራቪሊያ፣ ስንት ጽጌረዳ እንደ ተተከለ የማይናገር ቁጥር ስለ አፈሩ ምንም አይናገርም። የአቃቂ ችግኝ ጣቢያዎች የሚያከፋፍሉትን በየዝርያው ለይተው ያውጡት፤ በቀጣዩ መጋቢትም የጸደቀውን በየዝርያው ይቁጠሩት። ችግኝ ሊወስድ የሚሄድ ነዋሪም አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ፤ «ይህ ዛፍ አፈሩን ይመግባል ወይስ ይመገባል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተክሎ ሲያበቃም ከሥሩ የሚረግፈውን ቅጠል መጥረጊያ አያስነካው።